ውሃ ውስጥ ያወራሃት ሴት

ጉለሌ፣ ቀጨኔ
መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለኢታና፣ ባሕሩ ዳር ላለኸው፤

ሰላምታዬ በረሃውን አቋርጦ ይድረስህ። ጅቡቲ አሁንም ሞቃት ነው አሉ፤ እዚህ ግን የበልጉ ዝናብ ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መሃል እየተንሸራተተ ይወርድና ደጃችን ድረስ ይመጣል። ልጃችን ርሆቦት መስኮቱ ጋ ቆማ ጎረቤቶቻችን ጉሙ ውስጥ ሲያልፉ ታያለች። ጃንጥላ የያዙት ቀስ ብለው ብቅ ይላሉ፣ ቀስ ብለው ይጠፋሉ። ዓሣ ናቸው ትለኛለች፤ መዳፏን እንደ ጅራት እያወዛወዘች። እኛ ቤት ሁላችንም ውሃ ውስጥ ከገባን ሰነበትን፤ ነገሩን ከመጀመሪያው ላጫውትህ።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ስልክ ላይ ግን አንተም እኔም «ደኅና ናችሁ?» «ደኅና ነን» ተባብለን እንጨርስና ዝም እንላለን። ዝም ስንል ደግሞ መስመሩ የተቋረጠ ይመስለንና እንዘጋዋለን። ደብዳቤ ይሻላል፤ ሾፌሩ ጓደኛህ አሽረፍ ነገ ጭኖ ስለሚመለስ ይዞልህ ይመጣል።

አሽረፍ ያንተን መልእክት ያደረሰልን የጥምቀት ሰሞን፣ እሑድ ከቸርች እንደተመለስን ነበር። ከባድ መኪናውን ቃሊቲ ትቶ፣ ታክሲ ቀያይሮ፣ የእኛን ዳገት አንድ ካርቶን ቴምር ተሸክሞ ሲወጣ እያለከለከ ደረሰ። እናትህ አዴ ሾዴም ከሱሉልታ ቅቤ ይዘውልን መጥተው ነበር። አሽረፍ እንደተቀመጠ ከደረት ኪሱ በሶፍት የተጠቀለለች ሚሞሪ አወጣና ለልጅቷ አሳዩልኝ፣ ዓሦቹን ትወዳቸዋለች ብሏል አለን።

ስላንተ ጠየቅነው። ከስቷል አለ። ራሱ ነው የሚያበስለው፣ አንድ ቀን ፓስታ በዓሣ፣ አንድ ቀን ዓሣ በፓስታ። ደግሞ ጀልባው ላይ ለሚወጣ ቱሪስት ሁሉ የርሆቦትን ፎቶ ሳያሳይ ሞተሩ አይነሣም አለ። ይኼን ሲሰሙ አዴ ሾዴ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ። እኔ ተነሥቼ ቴምሩን ወደ ሳህን መገልበጥ ጀመርኩ።

መጋረጃውን ዘግተን ሚሞሪዋን ቲቪው ላይ ሰካን። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ሰማያዊ ብቻ። ያ ሰማያዊ ከቲቪው እየፈሰሰ ቤቱን ሞላው ብልህ ታምነኛለህ? ግድግዳው፣ የአዴ ሾዴ ነጠላ፣ ሶፋው ላይ ያለው ዳንቴል፣ የልጅህ ፊት፣ ሁሉም ሰማያዊ ሆነ። ቢጫ ዓሦች በመንጋ መጡና አንዱ ዞር ሲል ሁሉም አብረው ዞሩ። ከሥራቸው ያ ድንጋይ ይሁን ተክል የማይለየው ኮራል ጣቶቹን ይዘረጋል፣ ይሰበስባል። ድምፁን ከፍ አድርጌው ነበር፤ የሚሰማው ግን ያንተ ትንፋሽ ብቻ ነው። ወደ ውስጥ ረጅም፣ ወደ ውጭ ረጅም። ይኼን ትንፋሽ አውቀዋለሁ፣ ኢታና። ስንት ዓመት ጎኔ ሆኖ ሰምቼዋለሁ። ተነሥቼ ድምፁን ቀነስኩት።

ለርሆቦት ድምፁ ቢጨምርም ቢቀንስም አንድ ነው፤ አረፋውን ግን አየች። ክብ ክብ እየሆነ፣ እያብለጨለጨ ሽቅብ ሲወጣ ምንድነው ብላ ጠየቀችኝ። የአባትሽ ትንፋሽ ነው አልኳት። «እዚያ ትንፋሽ ይታያል» አለች በእጇ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

ከዚያ ያ ትልቁ መጣ። አሽረፍ ሻርክ ቢሆንም ሰው አይነካም፣ የሚበላው ከምስር ያነሰ ነገር ነው አለን። ሚኒባስ የሚያህል፣ ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተዘራበት። አዴ ሾዴ የፈጣሪን ስም በኦሮምኛ ጠርተው እግራቸውን ሶፋው ላይ ሰበሰቡ። ልጅህ ግን ሄዳ መዳፏን ቲቪው ላይ አደረገች፤ ዓሣው ከራሱ እስከ ጅራቱ ከመዳፏ ሥር አልፎ ሄደ። አንተ ከጎኑ እየዋኘህ ነው የቀረጽከው፣ አይደል? የሰርግ ቪዲዮ ስትቀርጽ ሙሽሮቹን አጅበህ ወደ ኋላ እንደምትሄደው፣ ካሜራው አንዴም አልተንቀጠቀጠም።

ያለቀ መስሎን አሽረፍ ሊነሣ ሲል ሌላ ጀመረ። ይኼኛውን አውቀህ ትተኸው ይሁን ረስተኸው አላውቅም።

አንዲት ሽበታም ፈረንጅ ሴት ናት። ጸጉሯ ዙሪያዋን ተበትኖ ይንሳፈፋል። ከፊትህ እየዋኘች ዓሣ ስትጠቁምህ ቆየችና ድንገት ቆመች። እጇ ወደ አፏ ሄደ፤ የምትተነፍስበትን ቱቦ ይዛ መጎተት ጀመረች። ካሜራውን ለቀቅከው። በገመዱ ተንጠልጥሎ ዞረ፣ ዞረ፤ አሸዋውን አየን፣ ከላይ ያለውን ብርሃን አየን፣ ሲረጋ እናንተን ከሥር ያዘ። እስከዚያ ድረስ አንተን አላየንህም ነበር፤ ቀራጩ አንተ ነህና። አሁን ፊትህ መጣ፣ በመነጽሩ ውስጥ ዓይንህ።

በአንድ እጅህ ቱቦውን አፏ ላይ ደግፈህ ያዝክላት። በሌላው እጅህ ሁለት ጣትህን ወደ ዓይኗ፣ ከዚያ ወደ ዓይንህ፤ እኔን እዪኝ። መዳፍህን ዘርግተህ ወደ ታች፤ ቀስ። እጅህን ከደረትህ ወደ ፊት እየገፋህ፤ ተንፍሺ። በክርኗ መታችህ፤ ፊትህ አልተለወጠም። እንደገና፣ እኔን እዪኝ። እንደገና፣ ቀስ። በመጨረሻ ዓይኗ ዓይንህ ላይ አረፈ። ተቆራርጦ ይወጣ የነበረው አረፋዋ ረጅም ሆነ። ያን ጊዜ አውራ ጣትህን ወደ ላይ አነሣህና እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ፣ ሳትቸኩሉ ወደ ብርሃኑ ወጣችሁ።

ርሆቦት አውራ ጣትህን አይታ «ጎበዝ አላት» አለችን። አሽረፍ ሳቀ። አይ፣ እዚያ እሱ እንውጣ ማለት ነው፤ ደኅና ነኝ የሚለው ሰው በሁለት ጣቱ ክብ ይሠራል አለ። ተረጎምኩላት፤ በግማሽ ልቧ ነው ያመነችው። ሪሞቱን ከእጄ ወስዳ መለሰችው። ደግማ አየችው። ደጋግማ አየችው፤ ጣቶቿ ጭኗ ላይ ሆነው ያንተን እጅ ይከተላሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ እኮ ማውራት ይችላል» አለችኝ።

«ይችላል» አልኳት።

«ታዲያ ለምን እኔን አያወራኝም?»

አሽረፍ ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ፤ ምንም አልኩት።

ይኼን የምጽፍልህ ለወቀሳ አይደለም። በእጇ ማውራት ካስለመድናት አፏ ተዘግቶ ይቀራል ያልከው ሐኪሙም፣ ዘመዱም፣ ሰፈሩም እንዲያ ስላለህ ነው። ሁለቱን እጆቿን በእጅህ ይዘህ፣ ከንፈሬን እዪ፣ ‹አባ› በዪ እያልክ ፊቷ ፊት ተንበርክከህ ስትውል አውቃለሁ። ላብ ያጠምቅህ ነበር። ለጸሎት ያልወሰድናት ቦታ የለም። ከዚያ ያ ጅቡቲ ያለው ሆቴል ለምርቃቱ ቪዲዮ ጠራህና ሄድክ፤ እዚያው መጥለቅ ተማርክ፤ እዚያው ቀረህ። ለሥራ ነው አልከኝ። ለሥራም ነበር።

ለልጅህ የመለስኩላት እንዲህ ብዬ ነው። በእጁ ማውራት የተማረው እዚያ ነው፤ እዚህ ሳለ አያውቅም ነበር። እዚያ አፍ አይሠራም ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አይሠራም አልኳት። የማንም? የማንም። ዓይኗን ወደ ቲቪው መለሰች።

«እንግዲያው እኔም እገባለሁ» አለች። «እዚያ ካገኘኝ ያወራኛል።»

አዴ ሾዴ ትርጉም አይፈልጉም፤ ከሷ ጋር ከሕፃንነቷ ጀምሮ የራሳቸው የእጅ ወሬ አላቸው፣ የላም፣ የቅቤ፣ የዝናብ። ይኼንን ግን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሰማያዊው ብርሃን ፊታቸው ላይ እንደሆነ፣ «ለማያውቃት ሴት ይኼን ያህል ታገሠ» አሉ። «ትዕግሥቱ አለው ማለት ነው። ጻፊለት፣ ልጄ።»

ቶሎ አልጻፍኩልህም። ምን ብዬ እንደምጀምር አጥቼ ነበር። በመሃሉ አንድ ቀን ከሽሮ ሜዳ፣ ከጥልፍ ቤቱ ስመለስ ርሆቦትን ጓሮ ልብስ በማጥብበት ሳፋ ውስጥ ፊቷን ነክራ አገኘኋት። ጸጉሯ ውሃው ላይ ተዘርግቶ፣ አትንቀሳቀስም። ጮህኩ፤ መጮኼ ምን ሊጠቅም። ትከሻዋን ይዤ ሳወጣት ዓይኗ ተገልጦ ነበር፤ ፈገግ አለችልኝ። «ገና ነኝ» አለች፣ «ይኼ እስከ ታች አይወስድም።»

ስመታት ይሁን ስስማት የቆየሁት አላውቅም። በማግሥቱ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። መምህሯ ዓሊማ ትባላለች፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የመጣችው፣ እሷም ራሷ አትሰማም። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገች ስለሆነች መዋኘት እንደ መራመድ ነው የሚቀላት። ትቆጣልኛለች ብዬ ነበር የሄድኩት። ሁሉን በእጄ ነግሬ ስጨርስ ግን አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። ልጅቷ በሳፋ ብቻዋን ከምትማር እኔ ላስተምራት አለችኝ።

ከስድስት ኪሎ ወረድ ብሎ አንድ ሆቴል አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት መዋኛው ባዶ ነው። ከሞቀው ውሃ እንፋሎት ይነሣና ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል፤ ውሃው የት እንደሚያልቅ አየሩ የት እንደሚጀምር አይለይም። መጀመሪያ መንሳፈፍ፣ ከዚያ መተንፈስ፣ ከዚያ መጥለቅ። እኔ በየቅዳሜው ፎጣ ታቅፌ ጠርዙ ላይ እቆማለሁ። አንድ ቅዳሜ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጠለቁ። ውሃው ከላያቸው ተዘጋ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ታች ጉልበታቸውን አጥፈው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ያወራሉ። በቃ ያወራሉ። እጃቸው ከወትሮው ዘገም ይላል፣ የርሆቦት ጸጉር ከኋላዋ ይከተላታል። ምን እንደሚባባሉ ላነብ ብሞክር የውሃው ገጽ ይሰባበርብኛል። ልጅህ ሳቀች፤ የሳቋ አረፋ ወደ ላይ መጥቶ እግሬ ሥር ፈነዳ። ከወሬው ውጭ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሲወጡ «ቅረጪኝ» አለችኝ ርሆቦት። «እዚህ ላይ ሆነሽ አይደለም። እዚያ።»

አንተ ታውቀኛለህ። የቀጨኔን ወንዝ በድንጋይ ስሻገር እንኳ ያንተን ክንድ ይዤ ነው። ግን ከመርካቶ ስልክ ውሃ እንዳያገኘው የሚከተትበትን ላስቲክ ገዛሁ፤ ዓሊማ እጅና እግር የሚሸፍነውን የመዋኛ ልብሷን አዋሰችኝና ባለፈው ቅዳሜ ገባሁ። መጀመሪያ የቀረጽኩት የራሴን አገጭ ነው። ቀጥሎ የሆቴሉን ጣራ። አላጠፋኋቸውም፤ ሳቅባቸው። ዓሊማ አንድ እጄን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ፤ ዓይኔን ገለጥኩ።

ጆሮዬ ተዘጋ። የታክሲ ረዳቱ፣ የጥልፍ ማሽኑ፣ የጎረቤቱ ስፒከር፣ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚንጫጫው ሁሉ አንድ ጊዜ ጠፋ። ብርሃኑ ወለሉ ላይ እንደ መረብ ይወዛወዛል። ያ ሁሉ ፍርሃቴ የት እንደገባ እንጃ፤ ልጄ የምትኖረው እንዲህ ባለ ጸጥታ ውስጥ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ደግሞም ቦታው ክፉ አልነበረም። እዚያው ብቆይ ደስ ባለኝ፤ ትንፋሼ ግን እንዳንተ ረጅም አይደለም።

ርሆቦት ከስልኩ ፊት መጣች። ቪዲዮውን ታየዋለህ፤ ምን እንደሆነ ግን ልንገርህ። መጀመሪያ ሁለት ጣቷን ወደ ስልኩ፣ ከዚያ ወደ ዓይኗ አደረገች። እኔን እየኝ። መዳፏን ዘርግታ ወደ ታች። ቀስ። እጇን ከደረቷ ወደ ፊት። ተንፍስ። አንድም አልሳተችም፤ ለዚያች ሴት ያልካትን ነው፣ ልክ እንዳንተ፣ ሳትቸኩል። ካላየኸኝ እጠብቅሃለሁ እንደማለት ደገመችው።

ስንወጣ፣ ውሃው ከአፍንጫዬ እየወረደ፣ ለምን እንዲያ እንዳለችህ ጠየቅኳት። እንዴት ናፈቅከኝ ትልሃለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እንዴት ይኼ ጠፋሽ በሚል ዓይን አየችኝ።

«አባዬ እኔን ሲያይ ይፈራል» አለች። «እንደዚያች ሴትዮ። መፍራት እንደሌለበት ማን ይንገረው?»

ይኼን መቼ እንዳወቀች እግዚአብሔር ይወቅ። እጆቿን በያዝክበት ጊዜ ይሆን፣ በስልኩ ቪዲዮ ከንፈርህን አጉልተህ ስታናግራት ይሆን፣ አልጠየቅኋትም። ፎጣውን አልብሼ ሳደርቃት እሷ ስለ ሌላ ነገር እያወራች ነበር፤ እኔ ግን ጸጉሯን ከሚገባው በላይ ሳደርቅ ቆየሁ።

በቪዲዮው መጨረሻ፣ ትንፋሿ አልቆ ወደ ላይ ከመውጣቷ በፊት፣ አንድ ሌላ ነገር አለችህ። እሱ የጠላቂ ምልክት አይደለም፤ የራሷ ቋንቋ ነው። አልተረጉምልህም። ራሷን ጠይቃት፣ በእጅህ። የመጠየቂያውን ምልክት ዓሊማ ቀርጻልሃለች፤ ቀላል ነው፣ አንድ ከሰዓት ይበቃሃል። በቴሌግራም እንዳልልከው ጥራቱን ገደላችሁት እያልክ ታማርራለህ፤ ስለዚህ በፍላሽ አድርጌዋለሁ።

ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። አዴ ሾዴን ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ በርትተዋል። ያቺ ፈረንጅ በሰላም አገሯ ገባች ወይ ብለው በመጡ ቁጥር ይጠይቁኛል፤ አንድ ቃል ጻፍላቸው። የቸርቹ ወጣቶች የምልክት ቋንቋ ክፍል ጀምረዋል፣ ርሆቦት ከፊት ሆና ታርማቸዋለች፤ አንዳንዴም ትቆጣቸዋለች። ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል። ጫማ ስትልክላት በድሮው ቁጥር እንዳትገዛ።

ከፍላሹ ጋር አንድ ቁልፍ ታገኛለህ። የውጭው በር ቁልፍ በዝናብ ዝጎ ስላስቸገረኝ አስቀይሬዋለሁ፤ አንተ ጋ ያለው ከእንግዲህ አይከፍትም። ለሌላ አይደለም። እኔ ጥልፍ ቤት እውላለሁ፣ ርሆቦት ከትምህርት ቤት መጥታ ብቻዋን ናት፤ ብታንኳኳ አትሰማህም። ደጅ ቆመህ እንዳትቀር ብዬ ነው።

ስትጠልቅም ስትወጣም ጌታ ካንተ ጋር ይሁን። ትንፋሽህን ያርዝምልህ።

ሠርካዲስ